ሰሌዳ ላይ የዋለው የካርድ ቁጥር

የምኖረው ከራቤል ወዲህ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በእኛ አካባቢ እንግሊዝኛ የሚያስተምር ሰው ከባሕር ማዶ የመጣውን ነገር ሁሉ ያውቃል ተብሎ ስለሚታመን፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ የማነበው፣ የውሃ ፓምፕ መመሪያ የምተረጉመው፣ ከዓረብ አገር የተላከ ስልክ ሲቆለፍ የምጠራው እኔ ነኝ። አብዛኛውን አላውቀውም። አላውቅም ስል ግን ትሕትና ይመስላቸዋል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአካባቢው ገበሬዎች ተደራጅተው ገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ ሠሩ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር፣ አልጋው ላይ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና። ጠዋት ጉሙ ሲገለጥ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ በራፍ ድረስ መጥተው ሣር ይነጫሉ። ማረፊያው ሲያልቅ ማኅበሩ እኔን የውጭ ግንኙነት ኃላፊ አድርጎ ሾመኝ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ቢሮም የለውም። ቢሮዬ ከትምህርት ቤቱ አጥር ጀርባ ያለ ጉብታ ነበር፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ላይ ሲወጡ ብቻ ነው። የእንግዶችን ኢሜይል ጋቢ ተከናንቤ እዚያ ላይ ቆሜ አነባለሁ፤ ጣቴ በብርድ ሳይደነዝዝ ከደረስኩበት መልስ እሰጣለሁ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር በዕድሜ የገፉ፣ ቀጥ ብለው የሚራመዱ፣ ነገር የማያስረዝሙ ሰው ናቸው። ለማረፊያው በራሪ ወረቀት ስናዘጋጅ ስልክና ኢሜይል ጽፌ አሳየኋቸው። ወረቀቱን ራቅም ቀረብም አድርገው አዩት።

«ፋክሱስ?» አሉኝ።

«ፋክስ የለንም እኮ፣ ጋሼ።»

«እዚያ መሥሪያ ቤት አለ አይደል? የእነሱን ጻፊ። ፋክስ የሌለው ድርጅት መንገድ ዳር የቆመ ጉሊት ነው የሚመስለው።»

መሥሪያ ቤቱን ስሙን አልጠራም። በከተማችን ፋክስ ያለው እሱ ብቻ ነበር፤ የመዝገብ ቤቷም ሠራተኛ ወረቀት ከመጣልን እንደምትሰጠን በደስታ ተስማማች። የፋክሱ ቁጥር በራሪ ወረቀቱ ላይ ገባ። ሰው ይደውልበታል ብዬ አላሰብኩም። በዚህ ዘመን ማን ፋክስ ይልካል?

አንዲት ጡረታ የወጣች የውጭ አገር ሴት ላከች።

ሴትዮዋ መጀመሪያ የጻፈችልኝ በኢሜይል ነው። ጓሳ የተባለውን ጥብቅ የሣር ምድር ካየች በኋላ በፈረስ ወደ እኛ መምጣት፣ ለአንድ ሳምንት አርፋ ጭላዳዎቹን መመልከት ትፈልጋለች። ክፍሉን ለመያዝ እንዴት ልክፈል ብላ ጠየቀችኝ። «ሲመጡ ይከፍላሉ፤ ክፍሉ የእርስዎ ነው» ብዬ መለስኩላት። ለእኛ ይህ ከውል በላይ ነው። ለእሷ ግን ምንም እንዳልተባለ ያህል ሆነባት። በአገሯ የካርድ ቁጥር ያልሰጡበት ክፍል እንዳልተያዘ ይቆጠራል። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቃት የክሬዲት ካርዷን ቁጥር፣ የሚያበቃበትን ጊዜ፣ ካርዱ ላይ ያለውን ሙሉ ስሟን፣ ከጀርባው ያሉትን ሦስት አሃዞች ሳይቀር ጽፋ ላከችልኝ።

ኢሜይሉን በጊዜው አላየሁትም። መብራት ጠፍቶ ነበር፤ መብራት ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይሄዳል፤ የእኔ ጉብታም ተራ ጉብታ ይሆናል። ሴትዮዋ መልስ ብትጠብቅ የለም። ጭንቅ ያዛት። በኢሜይል በላክኩላት በራሪ ወረቀት ላይ የፋክስ ቁጥር አለ። ያንኑ ሁሉ በእጇ አሳምራ፣ በትልልቁ ጽፋ በፋክስ ላከችው። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ጄኔሬተር ነበረው።

የዚያን ዕለት ገበያ ነበር። ከክፍል እንደወጣሁ የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ከሱቃቸው በር ላይ ጠሩኝ። እሳቸው ከቆላው ጋር የሚነግዱ፣ ከተማው ሁሉ ሐጂ እያለ የሚጠራቸው አዛውንት ናቸው።

«መምህርት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ማስታወቂያ ወጥቷል አሉ። ሰው ተሰብስቧል። ቅጥር ይሆን?»

«ማን አወጣው?»

«ፋክስ ካለው ቤት ነው። ለልጆቹ ብታነቢላቸው ጥሩ ነበር።»

ሄድኩ። ከመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ፊት ሰው ተሰብስቦ ቆሟል። በአንድ ክፍት የሥራ መደብና በአንዲት የጠፋች በቅሎ ማስታወቂያ መካከል፣ ማኅተም የተመታበት፣ በአራት መርፌ የተወጠረ ወረቀት አለ። «ውድ ወዳጆቼ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ የካርዱ ቁጥር፣ ከዚያ ቀኑ፣ ከዚያ ሙሉ ስም፣ ከዚያ ሦስቱ አሃዞች። አንድ ገበሬ የሎተሪ ትኬቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ከቁጥሩ ጋር እያስተያየ ነው።

«የመጨረሻዋ ብቻ ናት የገጠመችው» አለኝ በሐዘን።

«የሎተሪ አይደለም፣ ወንድሜ።»

«ታዲያ የምንድነው?»

የምን እንደሆነ ለተሰበሰበው ሰው ማስረዳት ነገሩን የባሰ ያደርገዋል። ዝም ብዬ መርፌዎቹን መንቀል ጀመርኩ። አንዱን እንደነቀልኩ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በመስኮት አየችኝና ወጣች። ሥራዋን የምትወድ ሴት ናት፤ ይህን ስል እያሾፍኩ አይደለም። በእሷ እጅ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም።

«ገቢ የተደረገ ደብዳቤ ሳይፈረም አይነሳም» አለችኝ።

«የእኛ ነው። የማረፊያው ነው።»

«የእናንተ መሆኑን በምን ልወቅ? ለማን እንደሆነ አይልም። ባለቤት ያጣ ወረቀት ሰሌዳ ላይ ይወጣል፤ ደንቡ ነው።»

«ይሄ እኮ የሰው የባንክ ካርድ ነው። በዚህ ቁጥር ማንም ሰው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ በእሷ ገንዘብ ዕቃ ሊገዛ ይችላል።»

ወረቀቱን ደግማ አየችው። ፊቷ ተለዋወጠ።

«በቁጥሩ ብቻ?»

«በቁጥሩ ብቻ።»

«እኔ እኮ ጥንቃቄ ማድረጌ ነበር» አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንዳይጠፋ ብዬ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ለየክፍሉ ግልባጭ ሰጥቻለሁ።»

ለየትኞቹ ክፍሎች ብዬ አልጠየቅኳትም። የውጭ ዜጋ ጉዳይ ስለሆነ አንዱ ለጸጥታ መሄዱን ራሷ ነገረችኝ። ግልባጮቹን መልሺልኝ ብላት ፋይል ውስጥ የገባ ወረቀት እንዴት እንደሚወጣ የሚገልጽ ደንብ የለም አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የለም። ዋናውን ብቻ ፈርሜ ተቀበልኩና ጋቢዬ ሥር ይዤው ወጣሁ።

ማታውን ሳይሆን እዚያው በጠራራ ፀሐይ ከሊቀመንበሩና ከገንዘብ ያዡ ጋር በሱቁ ጓዳ ተቀመጥን። ወረቀቱን በስኳር ከረጢት ላይ ዘረጋሁና አስረዳኋቸው። ሊቀመንበሩ እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ያለ ፈቃዷ ገንዘቧን መውሰድ ይቻላል ነው የምትይው?» አሉ።

«ይቻላል።»

«ይህን እያወቀች ላከችው?»

«የምታውቅ ይመስለኛል።»

«ለምን ላከችው ታዲያ?»

«አምናን ይሆናላ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ከከረጢቱ ላይ አንሥተው በሁለት እጃቸው ያዙት። እኔ ስለ ኮምፒውተር ሌባ ነበር የማወራው፤ እሳቸው የሰሙት ግን ሌላ ነገር ነው። አንዲት የማያውቋት ሴት፣ ከማያውቁት አገር፣ ያላትን ሁሉ እጃቸው ላይ አስቀምጣለች። እኛ ደግሞ ከጠፋች በቅሎ ጎን ሰቅለነዋል።

ሐጂ ነገሩን በቀላሉ ሊጨርሱት ፈለጉ። «እናቃጥለው» አሉ። «ክብሪት ይኸው።»

«የሰው አደራ ይቃጠላል እንዴ፣ ሐጂ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ወረቀት እኮ ነው።»

«ወረቀት ቢሆን መምህርቷ እንዲህ ትደነግጥ ነበር? በእጇ እንመልስላታለን። እስክትመጣ ይቀመጣል።»

እኔም ማቃጠሉ እንደሚሻል፣ እሷ ቁጥሩን ከእኛ መልሳ እንደማትፈልገው፣ ካርዱም በእጇ እንዳለ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ በትዕግሥት አዳመጡኝና ሣጥኑ ይምጣ አሉ። ሣጥኑ የማኅበሩ ነው፤ በሦስታችን እጅ ያሉ ሦስት ቁልፎች ካልተገናኙ አይከፈትም። ወረቀቱ ታጥፎ ገባበት። ሣጥኑም ማረፊያው ውስጥ፣ እርጥበት እንዳያገኘው ተብሎ፣ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠ።

መብራት ሲመጣ ጉብታዬ ላይ ወጣሁና ለሴትዮዋ ጻፍኩላት። ደብዳቤ ጽፌ እንደዚያ ተቸግሬ አላውቅም። ስለ ሰሌዳው ብነግራት ታፍርብናለች፤ ባልነግራት ደግሞ አደጋውን አታውቀውም። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፤ ደብዳቤዎ ደርሶናል፣ ከሚገባው በላይ ለብዙ ሰውም ደርሷል። እባክዎ ዛሬውኑ ባንክዎ ጋ ደውለው ካርዱን ያሰርዙ። ወደፊትም የካርድ ቁጥር ለእኛም ሆነ ለሌላ ለማንም በፋክስም በኢሜይልም አይላኩ። ፋክስ ማሽኑ አጠገብ የቆመ ሁሉ ያነበዋል፤ ኢሜይልም ከላኪውም ከተቀባዩም ሣጥን ውስጥ ሳይጠፋ ይቀመጣል፣ የአንዱን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰው ሁሉንም ያገኘዋል። ሲመጡ በብር ይከፍላሉ።

የምኮራበት ደብዳቤ ነበር። ለተማሪዎቼም ስለ ጥሩ አንቀጽ አጻጻፍ ሳስተምር ባነበብኩላቸው ደስ ይለኝ ነበር።

መልሷ ጥቂት ቀን ቆይቶ መጣ። በጣም አመስግናኛለች። እንዲህ ዓይነት ሐቀኛ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን በማወቋ ልቧ ተነክቷል። እንደመከርኳት ወዲያው ካርዱን አሰርዛለች፤ ባንኩም አዲስ ካርድ ሰጥቷታል። የአዲሱ ካርድ ቁጥር ደግሞ የሚከተለው ነው። ከጀርባው ያሉት ሦስት አሃዞች የሚከተሉት ናቸው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ለጥንቃቄ በፋክስም ልካዋለች።

ከጉብታው ወርጄ ወደ መሥሪያ ቤቱ የሮጥኩትን ሩጫ ተማሪዎቼ ለረጅም ጊዜ ሲያወሩት ኖረዋል። ሰሌዳው ላይ በቅሎዋ ብቻ ነበረች። እፎይ ብዬ ወደ መዝገብ ቤት ገባሁ።

«ደርሷል» አለችኝ ሠራተኛዋ፣ በኩራት። «ይህኛውን ማንም አላየውም። በፖስታ አሽጌ፣ ጥብቅ ምስጢር ብዬ ጽፌ፣ ካዝና ውስጥ አስገብቻለሁ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ስጪኝ በይ።»

«አልችልም።»

«እኔ ነኝ እኮ።»

«አንቺ መሆንሽን አላጣሁትም። ጥብቅ ምስጢር ግን በማኅተም የተደገፈ መጠየቂያ ይፈልጋል። የሰነዱ ይዘት ተጠቅሶ።»

«ይዘቱ እኮ ቁጥሩ ነው! ቁጥሩን በግልጽ ጽፌ ላምጣልሽ?»

አሰበች። «ደንቡ እንደዚያ ነው የሚለው» አለች፤ እሷንም ግን ደስ እንዳላላት ያስታውቅ ነበር። ከቀናት በፊት ለምን አልተጠነቀቅሽም ብዬ የገሠጽኳት እኔው ነኝ። አሁን በምን አፌ ለምን ተጠነቀቅሽ ልበላት?

ሊቀመንበሩን ይዤ ተመለስኩ። ማኅተም አልያዙም፤ ደብዳቤም አልያዙም። ገብተው ሰላምታ ሰጡ፣ የቤተሰቧን ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቁ፣ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«የእንግዳ አደራ ነው» አሉ። «እስክትሰጪኝ እዚህ ነኝ፣ ልጄ። አንቺ ሥራሽን ሥሪ።»

ባለጉዳይ ይገባል፣ እሳቸውን ሲያይ ይነሣል፣ እጅ ይነሣል፣ ምን ሆነው ነው ብሎ ይጠይቃል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ነበረባት። ከሰዓት በኋላው ሳይጋመስ ካዝናውን ከፈተች። ሁለተኛው ወረቀትም ሦስቱ ቁልፎች ተገናኝተው ከመጀመሪያው ጎን ገባ። ለሴትዮዋም ደግሜ ጻፍኩላት፤ በዚህኛው ደብዳቤ አንቀጹ ያማረ አልነበረም። አይላኩ፣ አይላኩ፣ አይላኩ የሚል ነው ማለት ይቻላል። ይህንንም ካርድ እንድታሰርዝ ለመንኳት። አሰረዘችው አላሰረዘችው አልነገረችኝም፤ በመልሷ የጠየቀችው ጭላዳዎቹ ካሜራ ይፈሩ እንደሆነ ብቻ ነው።

ክረምቱ አልፎ ሴትዮዋ መጣች። ከጓሳ በኩል በፈረስ፣ ጉም ውስጥ፣ የዝናብ ልብሷን እስከ አንገቷ ቆልፋ። ረጅም፣ ሳቂታ፣ ጉልበቷን የሚያማት ግን የማትናገር ሴት ናት። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ሒሳቧን በብር ከፈለች። ብሩን አዲስ አበባ ባንክ ሄዳ መንዝራ ነው ያመጣችው። ካርድ የሚቀበል ማሽን በእኛ ከተማ እንደሌለ የፈረሱ ባለቤት መንገድ ላይ ነግሯት ኖሮ፣ ለምን አንቺ አልነገርሽኝም አለችኝ። ነግሬሽ ነበር አላልኩም። እንግዳ ናት።

በማግስቱ ጠዋት ሊቀመንበሩ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ሐጂም አዲስ ኮፊያ አድርገዋል። አደራ የሚመለስበት ቀን ነው። ሣጥኑ ከምድጃው ጎን ተነሥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ሴትዮዋ ምን እንደሚደረግ ባይገባትም ባርኔጣዋን አወለቀች። ሦስቱ ቁልፎች ተዞሩ። ሊቀመንበሩ ሁለቱን ወረቀቶች በሁለት እጃቸው አውጥተው ዘረጉ።

የመጀመሪያው ባዶ ነበር። ማኅተሙ ብቻ ወይን ጠጅ ሆኖ መሐሉ ላይ ቁጭ ብሏል። ሁለተኛው ላይ ከተጠጉት አንዳንድ ግራጫ ጭረት ይታያል።

ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባውም ባዶ ነው። ከዚያ ቁልፉን የያዝነውን ሰዎች አንድ በአንድ አዩን፤ በቁጣ አይደለም፣ እንደ መለመን ባለ ዓይን ነው። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

«ማን ነካው?» አሉ።

«ማንም አልነካውም፣ ጋሼ። የፋክስ ወረቀት ነው። ቀለም የለውም፤ በሙቀት ነው የሚጻፈው። ሲቆይና ሙቀት ሲያገኘው ይጠፋል።»

«በሦስት ቁልፍ ተዘግቶ?»

«ቁልፉ አያድነውም።»

አላመኑኝም። ወደ ሴትዮዋ ዞሩ። «ንገሪያት» አሉኝ። «አደራሽን አልጠበቅንልሽም በያት።»

እኔ ለሴትዮዋ የነገርኳት ወረቀቱ እንደ ማንኛውም የፋክስ ወረቀት መደብዘዙን ነው። ሽማግሌው አጠር ማለቱን አስተዋሉ።

«ያልኩትን አልሽልኝ?»

«ብያለሁ።»

ሴትዮዋ ግን ከእኔ ትርጉም ይልቅ ፊታቸውን ሳታነብ አልቀረችም። ስልኳን አወጣች፤ ኔትወርክ የለም። የት ይገኛል አለች። ጉልበቷን እያመማት ሁላችንም ተያይዘን እስከ እኔ ጉብታ ድረስ ሄድን። እዚያ ቆማ የባንክ ሒሳቧን ከፈተችና ስክሪኑን ለሊቀመንበሩ አሳየቻቸው። የፈረንጁን ጽሑፍ ማንበብ አይችሉም፤ ቢሆንም ጎንበስ ብለው በጥሞና ተመለከቱ።

«አንድም ነገር አልጎደለም ትላለች» አልኳቸው። ይህን በትክክል ነው የተረጎምኩት።

«አዲሱ ካርድስ?»

«እሱንም አሰርዛዋለች።» ይህን እንኳ እኔም የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እዚያው ተቀመጥኩ።

ሊቀመንበሩ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙና ለረጅም ጊዜ አልለቀቁም። ከዚያ ወዲያ ባለው ሳምንት ጭላዳ ለማየት ስትወጣ ራሳቸው ነበሩ የሚያጅቧት፤ ሁለቱም አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ ሲስቁ ከሩቅ ይሰማል። የመጀመሪያው ካርድ ግልባጮች ግን፣ ፎቶ ኮፒ አይደበዝዝምና፣ ዛሬም በየፋይሉ ጥርት ብለው ይነበባሉ። ካርዱ መሞቱ ጠቀመን።

ከዚያ በኋላ ማኅበሩ ስብሰባ ተቀመጠ። አስቀድሞ መክፈል የሚፈልግ እንግዳ በባንክ በኩል በማኅበሩ ሒሳብ ያስገባ ተባለ። የፋክሱም ቁጥር ከበራሪ ወረቀቱ ወጣ፤ ሊቀመንበሩ ራሳቸው ናቸው ይውጣ ያሉት። የሒሳብ ቁጥራችንን ለሰው መስጠት አያስፈራም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ይሄኛው ለማስገባት እንጂ ለማውጣት አያገለግልም፤ ለማውጣት የእናንተ ፊርማና የምስጢር ቁጥር ያስፈልጋል አልኳቸው። ገባቸው። የምስጢር ቁጥር የምትለዋ ቃል ግን አእምሯቸው ውስጥ ቀረች።

ባለፈው ዓመት ሞባይል ባንኪንግ ላውጣ ብለው ራቤል ባንክ ድረስ አብሬያቸው ሄድኩ። ቀኑ ብርድ ነበር፣ አዳራሹም ሞልቷል። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ስልካቸውን አስተካክላ ሰጠቻቸውና «አባባ፣ አሁን አራት አሃዝ የምስጢር ቁጥር ያስገቡ። ለማንም አይንገሩ፤ ለእኔም ቢሆን» አለቻቸው።

ሊቀመንበሩ ወደ አዳራሹ ዞሩ።

«ወገኖቼ» አሉ፣ በእርጋታ። «እባካችሁ ለአፍታ ፊታችሁን ወደ ግድግዳው አዙሩልኝ።»

ሰው ተያየ። ከዚያ አንዱ ዞረ፤ ሌላውም ዞረ። ጥበቃው መሣሪያውን እንደያዘ ወደ በሩ ዞረ። ልጅቷም ወንበሯን አዞረች። እኔም ዞርኩ። አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ብሎ ግድግዳ እያየ፣ ከኋላችን የእኒያ ሽማግሌ ጣት ስልኩን ቀስ ብሎ፣ እያሰበ ሲነካ ተሰማ።

«በቃ፣ እግዜር ያክብራችሁ» አሉ።

በሳምንቱ ጠዋት ቤቴ መጡ። ቁጥሩ ጠፍቶባቸዋል። የትም አልጻፉትም፣ ለባለቤታቸውም አልነገሩም፣ ማንም አላየም። ከዚህ በላይ የተጠበቀ ምስጢር አይቼ አላውቅም። ጋቢዬን ደረብኩና ወደ ራቤል የሚሄደውን መኪና ልንጠብቅ አብረን ወጣን።